አገር ሲወረር መሪ ምን ማድረግ አለበት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ አገር በሌላ ኃይል ሲጠቃ ሁሉም ሰው ዓይኑን መሪው ላይ ይጥላል። ለምን ዝም አለ? ለምን አልመታም? ለምን ይደራደራል? ለምንስ አይደራደርም? ጥያቄው ማለቂያ የለውም። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በንዴት ነው የሚሰጠው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። የምመልሰው ታሪክ ካሳየን ነገር ተነሥቼ ነው። የራሴንም አቋም አልደብቅም። የኢትዮጵያን ታሪክ ስጠቅስ ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የሌላውን ዓለም እ.ኤ.አ. ብዬ እለየዋለሁ።

ወረራ የሚባለው የትኛው ነው? ወታደር ድንበር ሲሻገር ብቻ ነው?

አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 3314 ዝርዝር አስቀምጧል። ጦር አስገብቶ መሬት መያዝ ወረራ ነው። ከሩቅ በቦምብ መደብደብም ወረራ ነው። የሌላውን አገር ወደብ በጦር ኃይል መዝጋትም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። የታጠቁ ቡድኖችን ልኮ ከባድ ጥቃት ማስፈጸም ወረራ ነው። የራስን መሬት ለሌላ መንግሥት ጥቃት መነሻ አድርጎ መፍቀድም እንዲሁ።

ግን ትንኮሳ ሁሉ ወረራ አይደለም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በኒካራጓና በአሜሪካ ጉዳይ ሲፈርድ ከባዱን የትጥቅ ጥቃት ቀለል ካለው የኃይል ድርጊት ለይቷል። ድንበር ላይ ጠባቂዎች ስለተታኮሱ ብቻ ጦርነት አይታወጅም። ልዩነቱ የጠበቆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሪው ትንኮሳውን ወረራ ብሎ ከጠራው ሳያስበው ጦርነት ውስጥ ይገባል። ወረራውን ትንኮሳ ካለው ደግሞ ጊዜው ያመልጠዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሪው ምን ያድርግ?

ያጣራ። ከዚያ ለሕዝቡ ይታይ።

የመጀመሪያው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ጎደሎ ነው። ስንት ወታደር ገባ? በየት በኩል? የአንድ አዛዥ ሥራ ነው ወይስ መንግሥታቸው ያዘዘው? ይህ ሳይለይ የተሰጠ ትእዛዝ በኋላ ለመመለስ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1962 የሶቪየት ሚሳኤሎች ኩባ ውስጥ መተከላቸውን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሰሙት በ16ኛው ቀን ነበር። ለሕዝባቸው የተናገሩት በ22ኛው ቀን ነው። በመሃል ያሉትን ቀናት ከአማካሪዎቻቸው ጋር ተዘግተው ተከራከሩ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ያዘነበሉት ወደ አየር ድብደባ ነበር። ቀኑ ሲጨምር ሌላ መንገድ ታያቸው፤ ወደ ኩባ መሣሪያ የሚጭኑ መርከቦችን ባሕር ላይ ማገድ። ስሙን እንኳ ተጠንቅቀው መረጡት። የባሕር ከበባ በሕግ የጦርነት ድርጊት ስለሆነ "ኳራንቲን" አሉት። እነዚያ ስድስት ቀናት ባይኖሩ ኖሮ ዓለም ምን እንደሚመስል ሳስበው ይጨንቀኛል።

ኬኔዲ ጊዜ ያገኙት ነገሩ ገና ምስጢር ስለነበረ ነው። ጥቃቱ በግልጽ ከተጀመረ ግን ሕዝብ መሪውን ማየት አለበት፤ ያውም በዚያው ቀን። ጀርመን እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1941 ሶቪየት ኅብረትን ስትወር ለሕዝቡ በሬዲዮ የተናገሩት የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ሞሎቶቭ ነበሩ። ስታሊን ድምፃቸው የተሰማው ሐምሌ 3 ቀን ነው። አሥራ አንድ ቀን ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጀርመን ታንኮች ሚንስክ ደርሰዋል። በተቃራኒው ሩሲያ እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2022 ዩክሬን ላይ ሙሉ ጦርነት ስትከፍት ዘለንስኪ በማግስቱ ማታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኪየቭ መንገድ ላይ ቆመው አጭር ቪዲዮ ለቀቁ። መልእክቱ ቀላል ነበር፤ ሁላችንም እዚህ ነን። መሪው ሸሽቷል የሚለው ወሬ በዚያ ቪዲዮ ተዘጋ።

ወዲያው አጸፋ አለመመለስ ፍርሃት አይደለም?

ይህን ጥያቄ በጣም አከብረዋለሁ። የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ የተጎዳ ሰው ነው። ወንድሙ ድንበር ላይ ያለ፣ ቤቱ የተመታበት። "ቆይ፣ ረጋ በል" ሲሉት እንዴት አይናደድ?

ቢሆንም መልሴ አይደለም ነው። መለየት ያለብን በዝምታው ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ነው። እየተዘጋጀ ዝም ያለና ግራ ገብቶት ዝም ያለ መሪ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ከውስጥ ግን አይገናኙም።

አፄ ምኒልክን ውሰዱ። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 1881 ነው። የጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን ከጣልያን ጥበቃ ሥር እንደሚያደርግ ከታወቀ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው አልዘመቱም። ተቃውሟቸውን በደብዳቤ አሳወቁ። በ1885 ውሉን አፈረሱ። ክተት ያወጁት ግን መስከረም 1888 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር? አንደኛ፣ አገሩ ክፉ ቀን በሚባለው ረኃብ ተመትቶ ነበር። ከብቱ አልቋል፣ ሕዝቡ ደክሟል። በዚያ ሁኔታ 100,000 ገደማ የሚገመት ጦር ስንቅ ይዞ ሰሜን ድረስ ሊሄድ አይችልም። ሁለተኛ፣ መሣሪያ ገዙ። ሦስተኛውን ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ፤ የውስጥ ጠባቸውን አበረዱ። ራስ መንገሻ ዮሐንስ በ1886 አዲስ አበባ መጥተው ታረቁ። ጣልያን የትግራይንና የሸዋን መቃቃር ተስፋ አድርጎ ነበር። ያ ተስፋ ከአድዋ በፊት ነው የተሰበረው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በዚያው በኩባው ቀውስ ጊዜ፣ ጥቅምት 27 ቀን፣ አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ኩባ ላይ ተመትቶ ወደቀ። አብራሪው ሞተ። የጦር አዛዦቹ አጸፋ ይሰጥ አሉ። አስቀድሞም እንዲህ ዓይነት ጥቃት ቢደርስ የመታው ጣቢያ ይመታል ተብሎ ታስቦ ነበር። ኬኔዲ አቆዩት። በማግስቱ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ሚሳኤሎቹን ለመንቀል ተስማሙ። የሞተው ሰው ቤተሰብ ጋር ሆኖ ካዩት ያ ውሳኔ ከባድ ነው። ግን ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕግ ምን ይፈቅዳል?

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 በሌላ አገር ላይ ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። አንቀጽ 51 ደግሞ የትጥቅ ጥቃት የደረሰበት አገር ራሱን የመከላከል መብት እንዳለው ይናገራል፤ ብቻውንም ሆነ ከወዳጆቹ ጋር። አንድ የሚረሳ ግዴታ አለ። የተወሰደው እርምጃ ወዲያውኑ ለጸጥታው ምክር ቤት መነገር አለበት። ይህች ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ሰዓት አትፈጅም። ከዓመታት በኋላ ክርክር ሲነሳ ግን "ተጠቅተናል" ያለው ማን እንደነበረና መቼ እንዳለ የምትመሰክረው እሷ ናት።

መልሱ አስፈላጊና ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ተመጣጣኝ ማለት አንድ ጥይት በአንድ ጥይት ማለት አይደለም። ጥቃቱን ለማስቆምና የተያዘውን ለማስለቀቅ ከሚያስፈልገው አይለፍ ማለት ነው።

ጠላት ሕግ እየጣሰ እኛ ለምን እንጠብቃለን?

ሞራሉን ለጊዜው ልተወውና በጥቅም ቋንቋ ልናገር። ጣልያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ነበር። በ1928 ግን ኢትዮጵያ ላይ ጋዝ ከሰማይ አዘነበች። ያ ድርጊት እስከ ዛሬ ድረስ በስሟ ላይ አለ። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት የነበራት ትልቁ የዲፕሎማሲ መሣሪያ ይኸው ነበር፤ ተበዳይነቷ ጥርት ያለ መሆኑ።

የራሳችንንም ጉድፍ መርሳት የለብንም። ከአድዋ በኋላ ጣልያናውያን ምርኮኞች በአብዛኛው በሰላም ተይዘው፣ ከስምምነቱ በኋላ አገራቸው ገቡ። ከጣልያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩት የኤርትራ ተወላጆች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። በዘመኑ ለከዱ ሰዎች የሚሰጥ ቅጣት ነው ተብሏል። ያም ሆኖ ያ ቁስል ለትውልድ የሚተርፍ ነበር። ድሉን የምንወድ ሰዎች ይህንንም አብረን ማውራት አለብን ብዬ አምናለሁ።

መሬቱ የኛ ከሆነ በኃይል ብናስመልሰው ምን ችግር አለው?

ባድመን ያየ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያገኛል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የጀመረው ግንቦት 1990 ነው። በአልጀርሱ ስምምነት መሠረት ሁለት የተለያዩ ኮሚሽኖች ተቋቋሙ። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ባድመ ለኤርትራ ይገባል አለ። የካሳ ኮሚሽኑ ደግሞ በ1998፣ ግንቦት 1990 ላይ ኃይል በመጠቀም ሕግ የጣሰችው ኤርትራ ናት ብሎ ወሰነ።

ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። መሬቱ በወረቀት የራስህ ሊሆን ይችላል። ሌላው አገር በሰላም ይዞት ሲያስተዳድረው በጦር ገብተህ ከወሰድከው ግን ጥፋተኛው አንተ ነህ። ይህን አስቀድሞ የተረዳ መሪ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ይወስዳል። በሁለቱም ወገን ያለቁት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይህን ትምህርት በጣም ውድ አድርገውታል።

እየተዋጉ መደራደር ይቻላል?

ይቻላል። እንዲያውም ያለ ድርድር የሚያልቅ ጦርነት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 1982 አርጀንቲና ይገቡኛል የምትላቸውን የፎክላንድ ደሴቶች ስትይዝ ብሪታንያ መርከቦቿን ወዲያው ላከች። የጸጥታው ምክር ቤትም በማግስቱ ጦሩ እንዲወጣ የሚጠይቀውን ውሳኔ 502 እንዲያሳልፍ አደረገች። መርከቦቹ እየተጓዙ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል ይመላለሱ ነበር። ድርድሩ አልሰመረም። ግን ተሞክሯል፤ ዓለምም አይቷል።

አፄ ምኒልክም መቀሌ ላይ ያደረጉት አለ። ጥር 1888 የጣልያን ጦር ምሽጉ ውስጥ ተከቦ፣ የውኃ ምንጩ ተይዞበት፣ በጥም ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ፈቀዱለት። ዛሬም ድረስ "ለምን ለቀቃቸው?" የሚል ሰው አለ። እኔ ሳየው፣ ለእርቅ በሩ ክፍት እንደነበር ያሳየ ሥራ ነው።

መጥፎ ድርድር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1938 ሙኒክ ላይ ቼኮዝሎቫኪያ ስትቆረስ የቼኮዝሎቫኪያ መሪዎች ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም። ተቆርሶ የተሰጠው አካባቢ ደግሞ የመከላከያ ምሽጎቿ ያሉበት ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ጀርመን ፕራግ ገባች። እኔ ድርድርን የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው። ነገ ሌላኛው ወገን ቃሉን ቢያጥፍ ራሴን የምከላከልበት ነገር በእጄ ይቀራል ወይ? ካልቀረ፣ አይፈረምም።

የዓለም ማኅበረሰብ ይደርስልናል?

አንዳንዴ። ግን በእሱ ላይ አገር አይገነባም።

ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የወልወል ግጭት ኅዳር 1927 ላይ ሲነሳ ጉዳዩን ወደዚያው ወሰደች። ጣልያን መስከረም 1928 ስትወር ማኅበሩ ጥፋተኛዋን ለይቶ ማዕቀብ ጣለ። ግን ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም ለጣልያን መርከቦች አልተዘጋም። ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ፈርተው ነበር። በመጨረሻ ሁለቱንም አጡ፤ ኢትዮጵያም ወደቀች፣ ሙሶሊኒም ወደ ሂትለር ሄደ።

ኩዌት ሌላ ዕጣ ገጠማት። ኢራቅ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1990 ስትወራት የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ቀን ውሳኔ 660ን አሳለፈ። ኅዳር ላይ ኃይል መጠቀምን ፈቀደ። የካቲት 1991 ላይ ነፃ ወጣች። ልዩነቱ ምንድን ነው? ነዳጅ አለ። ሌላው፣ በዚያን ጊዜ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአንድ ወገን ነበሩ። ዩክሬን ስትወረር ግን ወራሪዋ ራሷ በጸጥታው ምክር ቤት ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን አላት። ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2022 በ141 አገሮች ድምፅ ሩሲያ እንድትወጣ ጠየቀ። ጦሩ አልወጣም። ለዩክሬን የደረሰላት መሣሪያና ገንዘብ የሰጧት አገሮች እርዳታ ነው፤ እነሱም የራሳቸውን ጥቅም ቆጥረው ነው የሰጡት።

ስለዚህ መሪው "ፍትሕ አለኝ" ብቻ ብሎ አይሂድ። እያንዳንዱን ዋና ከተማ ሲያንኳኳ፣ ይህ ወረራ ዝም ከተባለ ነገ እነሱ ምን እንደሚያጡ ይንገራቸው።

አቅም የሌለው ትንሽ አገርስ?

አቅም ብዙ ዓይነት ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1939 በሶቪየት ኅብረት ስትጠቃ ሕዝቧ አራት ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ሦስት ወር ከግማሽ ያህል በበረዶ ውስጥ ተዋጋች። ከዚያ መጋቢት 1940 ላይ መራራ ሰላም ፈረመች። ከመሬቷ አንድ አሥረኛ ያህሉን አጣች። ከ400,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጡ። በዚያ ቀን የአገሪቱ ባንዲራዎች ዝቅ ብለው ተውለበለቡ። ግን ነፃነቷን አላጣችም። የተዋጋችው ለማሸነፍ ሳይሆን ዋጋው ውድ መሆኑን ለማሳየት ነበር፤ ጦሯ ተሰብሮ ከማለቁ በፊትም ቆመች። ያንን ፊርማ የፈረሙ ሰዎች ያለፉበትን ሌሊት ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ። አከብራቸዋለሁም።

አይስላንድ ደግሞ ጦር ሠራዊት እንኳ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዓሣ ሀብቷን ለመጠበቅ የባሕር ክልሏን ወደ 200 ማይል ስታሰፋ ብሪታንያ የጦር መርከቦቿን ላከች። አይስላንድ በጥበቃ ጀልባዎቿ የብሪታንያን መረቦች ቆረጠች። በ1976 የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን አቋረጠች። ከሁሉም በላይ ግን መሬቷ ላይ የነበረው የኔቶ ጦር ሰፈር ጉዳይ እንደሚያጠያይቅ አሳወቀች። ብሪታንያ ለቀቀች። ትንሽ አገር ሌላው በጣም የሚፈልገው ነገር በእጇ አለ ወይ? መሪው ከጥቃቱ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንን ነው።

መሪው አገር ለቆ መውጣት ይችላል?

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያከራክር ጥያቄ ጥቂት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማይጨው ላይ ከተሸነፉ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አዲስ አበባን ለቀው ወጡ። እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉ ሰዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ይሞታል እንጂ አይሰደድም የሚለው ስሜት ጥልቅ ነበር። ይገባኛል።

ግን ሌላውንም ጎን እንይ። ንጉሠ ነገሥቱ ቢማረኩ ኖሮ ጣልያን ከእሳቸው ፊርማ ለማውጣት መሞከሯ አይቀርም ነበር። ያ ፊርማ አልተገኘም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተናገሩ። ሜክሲኮ፣ ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ ለጣልያን አገዛዝ ዕውቅና ሳይሰጡ ቀሩ። አርበኞች በዱር በገደሉ አምስት ዓመት ሲዋጉ በውጭ ደግሞ የአገሪቱ ስም ሕያው ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሁለቱ ተገናኙ።

ኖርዌይም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። ንጉሥ ሆኮን ሰባተኛ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1940 ጀርመን የምትፈልገውን ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው አልሾምም አሉ። መንግሥታቸው ይህን የሚቀበል ከሆነ ዙፋኑን እንደሚለቁ ተናገሩ። ሁለት ወር በአገራቸው ውስጥ እየተዘዋወሩ ቆዩ። ሰኔ 7 ወደ ብሪታንያ ተሻገሩ። 1,000 ገደማ የንግድ መርከቦች በስደት መንግሥቱ ሥር ሆነው ለአጋሮቹ ሠሩ። የዴንማርኩ ንጉሥ ግን አገራቸው ውስጥ ቀሩ። በየቀኑ በፈረስ ኮፐንሃገን ጎዳና ላይ ይታዩ ነበር። ያም የራሱ ትርጉም ነበረው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። መሪው መዋጋት ሳይሞክር ከወጣ ሸሽቷል። ተዋግቶ፣ ሌላ የሚይዘው መሬት ሲያጣ፣ የአገሩን ፊርማ ይዞ ከወጣ ሥራውን ቦታ ቀይሮ እየሠራ ነው። ግን ዕዳ አለበት። ውስጥ ቀርተው የተዋጉትን ሲመለስ መርሳት የለበትም። ከ1933 በኋላ ብዙ አርበኞች ከባንዳና ከስደተኛ በታች ተደረግን ብለው አዝነዋል። ያ ቅሬታ ለረጅም ጊዜ አልጠፋም።

ለሕዝቡ ሁሉም ነገር ይነገር?

የወታደር እንቅስቃሴ አይነገር። ሽንፈት ግን ይነገር። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1940፣ ከ330,000 በላይ ወታደሮች ከፈረንሳዩ የደንከርክ ወደብ ከተረፉ በኋላ፣ ሕዝቡ በደስታ ላይ እያለ፣ በማምለጥ የጦርነት ድል እንደማይገኝ ለፓርላማው ተናገሩ። በፎክላንድ ጦርነት ጊዜ የአርጀንቲና ሕዝብ ግን እያሸነፍን ነው ሲባል ከርሞ ሰኔ 14 ቀን 1982 ጦሩ እጁን ሰጠ። የአገሪቱ ወታደራዊ መሪ ጄኔራል ጋልቲዬሪ በቀናት ውስጥ ከሥልጣን ወረዱ። ሕዝብ ሽንፈትን ይችላል። መታለልን ግን አይረሳም።

ከወራሪው አገር ጋር የደም ግንኙነት ያላቸው ዜጎችስ?

ዜጎች ናቸው። መልሱ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። አሜሪካ ፐርል ሃርበር ከተመታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 120,000 ገደማ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ካምፕ አስገባች። አብዛኞቹ የራሷ ዜጎች ነበሩ። በ1988 በሕግ ይቅርታ ጠየቀች። በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ከፈለች። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነትም በሁለቱም ወገን ሰዎች ከኖሩበት ተባረዋል። ባልና ሚስት ተለያይተዋል። መሪው በመጀመሪያው ንግግሩ ጠላታችን ያ ሕዝብ አይደለም፣ የወረረን መንግሥት ነው ብሎ በግልጽ ካልተናገረ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ለማሳደድ ቀን አይፈጅበትም።

ኮምፒውተር ቢጠቃስ?

ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባንኮቿ፣ መገናኛ ብዙኃኗና የመንግሥት ገጾቿ በኢንተርኔት ጥቃት ተጨናንቀው ነበር። ወደ ጦርነት አልሄደችም። ጥቃቱን ይፋ አደረገች፣ መከላከያዋን አጠናከረች። በዓመቱ የኔቶ የሳይበር መከላከያ ማዕከል ታሊን ላይ ተቋቋመ። ጥሩ መልስ ነበር።

እያሸነፍን ከሆነ የት እንቁም?

ይህ ጥያቄ ዝቅ ብሎ መጣ እንጂ ለእኔ ከሁሉም ይቀድማል። መሪው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት መልሱ በእጁ መሆን አለበት። ሲያሸንፉ መቆም ሲሸነፉ ከመቆም የበለጠ ይከብዳልና።

ኢራቅ እ.ኤ.አ. መስከረም 1980 ኢራንን ወረረች። ኢራን ተዋግታ በግንቦት 1982 ሆራምሻህርን አስለቀቀች። አብዛኛው መሬቷ ተመለሰ። በዚያ ጊዜ ኢራቅ ተኩስ ለማቆም ፈቃደኛ ነበረች። ኢራን ግን ድንበር ተሻግራ ቀጠለች። ጦርነቱ ስድስት ዓመት ተጨመረበት። በ1988 ተኩስ ሲቆም ድንበሩ ከነበረበት ብዙም አልራቀም። የኢራኑ መሪ ኾሜኒ የተኩስ አቁሙን መቀበል ለእሳቸው መርዝ እንደመጠጣት መሆኑን ተናገሩ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት የሞቱትን ልጆች እናቶች አስቡ። የሚያስለቅቁት የአገራቸው መሬት ያን ያህል አልቀረም ነበር።

ኮሪያም እንዲሁ። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1950 ደቡብን ወረረች። በመስከረም መጨረሻ ሴኡል ተመለሰች። የአሜሪካና የአጋሮቹ ጦር ግን ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየውን 38ኛውን መስመር አልፎ ወደ ቻይና ድንበር ገሠገሠ። ቻይና ገባችበት። ሴኡል በጥር እንደገና ወደቀች። ሐምሌ 1953 ላይ ተኩስ የቆመው ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ልመለስ። ሶማሊያ በ1969 ኦጋዴንን ስትወር የኢትዮጵያ ጦር፣ ከሶቪየትና ከኩባ ባገኘው እርዳታ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራን አስለቀቀ። ወደ ሃርጌሳ የሚወስደው መንገድ ብዙም አይርቅም ነበር። ጦሩ ድንበሩ ላይ ቆመ። ስለ ደርግ ብዙ መራራ ነገር አለኝ። ይህ ውሳኔ ግን ትክክል ነበር።

አድዋስ? አፄ ምኒልክ ከድሉ በኋላ መረብን አለመሻገራቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። መሻገር ነበረባቸው የሚሉ ሰዎች የኋላውን ዘመን ያያሉ። ኤርትራ በቅኝ ግዛት ቀረች፣ ከ40 ዓመት በኋላ ጣልያን ከዚያው ተነሥታ መጣች። ክርክሩ ክብደት አለው። እኔ ግን የዚያን ሰሞን ጦር አየዋለሁ። ስንቁ አልቋል። ብዙ ሰው ቆስሏል። ከጣልያን ተጨማሪ ጦር እየመጣ ነበር። ድሉ በእጅ እያለ ወደ ስምምነት መሄድ ይሻላል ብለው ቆሙ። ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ጣልያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አወቀች።

ተኩስ ከቆመ በኋላስ?

ካሳ፣ ድንበር፣ መልሶ ግንባታ፣ ክስ፤ ሁሉም ይመጣል። መጀመሪያ ግን ምርኮኞች። ተኩስ እንደቆመ መሪው ስም ዝርዝር ይጠይቅ። የእሱንም ዝርዝር ይስጥ። ቀይ መስቀል እንዲጎበኛቸው በሩን ይክፈት። የጠፉትን የሚፈልግ ቢሮ ያቋቁም፣ እናቶች የሚጠይቁት ሰው ይኑራቸው። የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ተኩስ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። የመጨረሻዎቹ ምርኮኞች ቤታቸው የገቡት በ2003 ነው።